ያልደረቀው አባ ኮዳ

ባሌ በሞተ ሰሞን አክስቱ ቁም ሳጥኑን ከፈቱት። ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ለለቅሶ ከአዲስ አበባ መጥተው፣ ባዕድ አገር ኪሌሌሽዋ በሚባለው ሰፈር እኛ ቤት የሰነበቱ ሴትዮ ናቸው፤ እጃቸው ሥራ መፍታት አያውቅም። ባሌ ይሠራባት ከነበረችው ጠባብ ክፍል ገብተው ቁም ሳጥኑ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ተሰቅሎ ቢያዩ፣ ልጄን የገደለው ይሄ ሻጋታ ነው ብለው ጨርቁን ፀሐይ ላይ አሰጡት። መስኮቱንም ወለል አድርገው ከፈቱ፤ የጥር ደረቅ ነፋስ እንደልቡ ገባ። እኔ ሳሎን ከለቀስተኛ ጋር ተቀምጫለሁ፣ ማን ይንገረኝ። እንባ እንቢ ብሎኝ ነበር፤ ለዚያም ታምቻለሁ።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ የባሌ የመጨረሻ ሥራ ነበር። ጃፓኖች ለሻይ ሥርዓታቸው የሻይ ዱቄት የሚያስቀምጡባት፣ ክዳን ያላት የእንጨት ዕቃ ናት፣ ከጭብጥ የማትበልጥ። ፓርክላንድስ የሚኖሩ አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት ናቸው ያስተማሩት። ኡሩሺ የሚሉትን የዛፍ ወተት ደጋግመው ይቀባሉ፣ በሱው ሥዕል ይስላሉ፣ ሳይደርቅ የወርቅ ብናኝ ይነሰንሱበታል። ጉዱ ደግሞ ኡሩሺ በፀሐይ አይደርቅም፤ የሚደርቀው እርጥበት ውስጥ ነው። ባሌ በየጠዋቱ ጨርቁን ሲያርስ፣ ለኔ እንዲህ ተጨንቀህልኝ ታውቃለህ እለው ነበር።

አሮጊቷ ሽመላ ሳል አሉት። እሱ ክዳኑ ላይ አባ ኮዳን ሳለ፤ ያን መንገድ ዳር ዛፍ ላይ ቆሞ ቆሻሻ የሚጠብቀውን መላጣ ወፍ። ይሄን እያየ ማን ሻይ ይወርድለታል ብዬ ሳቅሁበት።

«ይሄኛው ጎረቤቴ ነው፤ ያኛውን የት አውቀዋለሁ?» አለኝ።

በወርቁ ላይ የመጨረሻውን ስስ ቅብ ደርቦ ቁም ሳጥን ባስገባው ማግሥት ልቡ ቀጥ አለ።

አክስቱ ከሄዱ በኋላ ክዳኑን በእጄ ዳበስኩት። ሲነጋ የእጄ አንጓ ቀልቶ፣ አብጦ፣ እሳት ሆኗል። ያልደረቀ ኡሩሺ ቆዳ ያሳብጣል፤ እሱም ትምህርቱን ሲጀምር እንዲሁ አብጦ ነበር። ዌስትላንድስ ያለው ሐኪም ቅባት ሰጠኝ፤ አልተቀባሁትም። ባሌ ነካኝ አልኩ። አዎ፣ አልኩ፤ አበደች የሚል ይበል። ሲሻለኝ ተመልሼ እነካዋለሁ። ሲስል ትንፋሹን ይይዝና መስመሩን ሲጨርስ እፎይ ይል ነበር፤ ያቺን እፎይታ በጠራራ ፀሐይ ከዚያ ክፍል እሰማታለሁ። ወጥ እያማሰልኩ እሰማታለሁ። አቤት እያልኩ በሩ ድረስ ሄጃለሁ።

አሮጊቷ አንድ ቀን ሊጠይቁኝ መጡ። ክዳኑን ሳይነኩ ብርሃን ላይ አዘንብለው አዩት። አልደረቀም አሉ፤ እርጥበቱን አጥቶ እንደሙጫ ቀርቷል፣ እንዲህ ከተተወ አቧራ ይበላዋል፣ ወርቁም ይበላሻል። ከዚያ አንጓዬን አዩ። በእንግሊዝኛ ነበር ያሉኝ፣ እኔ ግን በአማርኛ ነው የሰማሁት፦

«ከደረቀ በኋላ ሰው አይነካም።»

ለማጽናናት ነው ያሉት፣ ምስኪን። ጨርቁን ግን ባርሰው ሥራው ያልቃል፣ እሱም ያልቃል። ባላርሰው ያ አባ ኮዳ አቧራ ውጦት ይቀራል። ተናድጄ ሰነበትኩ፤ በአሮጊቷም፣ በአክስቱም፣ ከሁሉ በላይ በሱ። ግማሽ ሥራ ሞት ነው የሚል ሰው እንዴት ግማሽ ትቶልኝ ይሄዳል?

አንድ ጠዋት እየተሳደብኩ ጨርቁን አረስኩ፣ ሰቀልኩት፣ በሩን ዘጋሁ። በየጠዋቱም እንዲሁ አደረግሁ። እፎይታዋን መስማት መቼ እንዳቆምኩ አላስተዋልኩም።

አንድ ቀን ስከፍተው አባ ኮዳው ደርቆ፣ መላጣውን ደፍቶ ያበራል። አንጓዬን ክዳኑ ላይ አሳረፍኩና ዋልኩ፣ አደርኩ። አንጓዬ ደህና ነው። እስኪቀላ በጥፍሬ አከክሁት፤ የቀላውም ወዲያው ጠፋ።

ጎረቤቶቼ ሮጠው የመጡት ያኔ ነው፣ ጩኸቴን ሰምተው። ማን ሞተብሽ አሉኝ።

«ባሌ» አልኳቸው።