ከጓሮ የወጣው መዳብ

ያን ጊዜ አምቦ ውስጥ እኔና የታሪክ አስተማሪው ባልደረባዬ ጎን ለጎን ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አከራያችን ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ሁለታችንንም በኦሮምኛ ባርሲሳ፣ መምህር፣ እያለች የምትቀልድብን ሴት ናት። ጓሮዋ ከፍል ውሃው አጥር ጋር ይዋሰናል። በልጉ ሲቃረብ ለድንች ስትቆፍር ከአፈሩ ስር አረንጓዴ ዝገት የሸፈናቸው ክብ መዳቦች ወጡ።

ስህተቷ ለባልደረባዬ ማሳየቷ ነበር። ሰውዬው እንኳን መዳብ፣ የተሰበረ ገንቦ ቢያይም እንቅልፍ አይወስደውም። "የአክሱም ዘመን ገንዘብ ነው!" ብሎ ወደ ቀበሌ ከነፈ። ሊቀመንበሩም ጓሮውን በገመድ አሳጥሮ፣ ባለሙያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ማንም እንዳይቆፍር አዘዘ።

ባለሙያው የውሃ ሽታ ሆነ። ዝናቡ ግን መጣ። ለዘር የተቀመጠው ድንች ወጥ ቤት ውስጥ ጢም አበቀለ። ክረምቱን ልጆቿ የሚበሉት እሱን ነበርና ቀልዷ ሁሉ ጠፋ። አንጀቴን በላችው።

"እስቲ አጥበን እንየው" አልኩት ባልደረባዬን።

"ዝገቱ ራሱ ታሪክ ነው! እንዳትነኩት!" ብሎ መዳቦቹን በመሀረብ ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈባቸው።

ሴትየዋ ግን አንዱን በመቀነቷ ቋጥራ አስቀርታ ኖሯል። እሱ ሊያስተምር እንደወጣ ወጥ ቤት ገብተን በሎሚና በአመድ ፈተግነው። አረንጓዴው ሲለቅ መጀመሪያ ቁጥር፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ የአማርኛ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ "መታጠቢያ፣ ሁለተኛ ማዕረግ"። ለካ የፍል ውሃው የድሮ መግቢያ ምልክት ነው! ሳቃችን ጎረቤት ሰበሰበ።

በማግስቱ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቀበሌ ሄደች። እኔም ይህ ሊያመልጠኝ አይገባም ብዬ ተከተልኳት። ሰው በተሰበሰበበት መዳቡን ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና፣ "ኦቦ ሊቀመንበር፣ ገላዬን ልታጠብ ነው የመጣሁት። የሁለተኛ ማዕረግ በር በየት በኩል ነው?" አለችው። ሊቀመንበሩ መዳቡን አገላብጦ አነበበው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ገመዱ የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ተነሳ።

ባልደረባዬ ኩምሽሽ ብሎ ጓሮ መጣ። "መቼም ይህም ቢሆን ታሪክ ነው" ሊል ሲጀምር ዶማውን አቀበለችው።

"በል ባርሲሳ፣ ዝናቡ ሳያመልጠን ቆፍር" አለችው። "ሳሙና ካገኘህ ግን የኔ ነው፤ ከቀበሌው ሱቅ ከጠፋ ሰንብቷል።"