ውጪ ማስተንፈስ

የእህቴ ልጅ ለቱርቦ መኪናው ማስተንፈሻ ቫልቭ ሊያስገጥም አዳማ ወዳለ ጋራዥ ይዞኝ ሄደ። ቫልቩ ሁለት ዓይነት ነው፤ እግር ከነዳጅ ፔዳል ላይ ሲነሳ አንደኛው ትርፉን አየር ዝም ብሎ ወደ ሞተሩ ይመልሳል፤ ሌላው «ጵስስስ!» ብሎ ውጪ ይተፋዋል። መካኒኩ ሁለተኛውን በሌላ ደንበኛ መኪና ላይ ሲያሰማኝ ልጅነቴ ድንገት መጣብኝ።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ደጃችን ሲያቆም የፍሬኑ አየር «ጵስስስ!» ይላል። እናቴም «ተመስገን፣ ንዴቱን ውጪ አስተንፍሶ መጣ» ትላለች። እኔም ንዴት በጎማ ቱቦ የሚወጣ ነገር ነው ብዬ አመንኩ። ከዚያ ወዲህ ካነበብኳቸው የሥነ ልቦና መጻሕፍት ይህን ያህል ግልጽ የሆነ አላገኘሁም።

አንድ ቀን መኪናው ወለንጪቲ ተበላሽቶበት በሰው መኪና መጣ፤ አቧራ ለብሶ፣ ፊቱን አጥቁሮ።

«ዛሬ ጉዳችን ፈላ» አለች እናቴ።

ሮጬ በሩ ላይ ተገተርኩ። «አባዬ፣ ሳታስተነፍስ አትግባ!»

እናቴ አፌን ልትይዝ ስትደርስ አባቴ ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ዞሮ ወጣ። አጥሩ ጋ ቆሞ ጉንጩን ነፋና «ጵስስስ!» ብሎ እየሳቀ ገባ።

«ጋሼ፣ የቱ ይሻላል?» አለኝ የእህቴ ልጅ፣ ጩኸት እንደምጠላ እያወቀ።

«ውጪ የሚተፋው» አልኩት። «ቤት ይዘኸው እንዳትገባ።»