የአባቴ ዝምታ በጉና ቁልቁለት

ከደንገጎ ቁልቁለት የሚወርዱ የጭነት መኪናዎች ድሬዳዋ ሲገቡ ፍሬናቸው ይሸታል። የተቃጠለ ጎማና የጋለ ብረት ሽታ ነው። ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔ ግን፣ ምን ልበልሽ፣ ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ ቆም እላለሁ። በዚህ ሙቀት መሀል የጉና ተራራ ብርድ ጆሮዬን ይቆነጥጠኛል።

አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቄስ ነበሩ። የምንኖረው ደብረ ታቦር ቢሆንም የሚያገለግሉት ተወልደው ባደጉበት አጥቢያ፣ ከጉና ሥር ከአንድ ጋራ ማዶ ባለች ትንሽ ኪዳነ ምሕረት ነው። ጉልበታቸው መታመም ሲጀምር በእግር መመላለሱ አቃታቸው። በቅሎ የለንም። ባሕር ዳር ያለ ዘመዳችን አሮጌ ብስክሌት ላከላቸው፤ እሳቸውም ከቤታችን በስተጀርባ ባለው ሜዳ፣ ሰው ሳይነሣ፣ ጥምጣማቸውን አጥብቀው ተለማመዱት።

ችግሩ የመጣው በመስከረሟ ኪዳነ ምሕረት ነው። መቼም ታውቂዋለሽ፣ ቀዳሽ ካህን ከዋዜማው ጀምሮ እህል ውኃ አይቀምስም። ዝንብ እንኳ አፉ ከገባች ጾሙ ፈረሰ፤ በዚያ ቀን መቀደስ የለም። እግረኛ ዝንብን በእጁ እሽ ይላል። በብስክሌት ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ግን ዝንቧ አትመጣበትም፤ እሱ ነው የሚሄድባት። አባቴ መንገድ ላይ ያገኟቸውን ሰዎች ሰላም ሲሉ አንዲቷ ገባች። ሌላ የሚተካ ቄስ ስላልነበረ ቅዳሴው ታጎለ፤ ሕዝቡም ሕፃናቱን ሳያቆርብ ተመለሰ።

የአጥቢያው ሽማግሌዎች ሰው ላኩ። «መምሬን እንወዳቸዋለን፤ የጥቅምቷም ከታጎለች ግን ቅርብ ያለ ካህን እንለምናለን» አሉ። አባቴ መልእክቱን ሰምተው፣ «እውነታቸውን ነው» ብቻ አሉ። ያን ዕለት ራት አልበሉም። እናትና አባታቸው የተቀበሩት እዚያ ግቢ ነው።

የጥቅምቷ ኪዳነ ምሕረት ረቡዕ ዋለች። የጾም ቀን ስለሆነ ቅዳሴው የሚገባው ቀትር ላይ ነው። ጠዋት አባቴ ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ ጠመጠሙና እኔን ከኋላ ጫኑኝ። ከእጃቸው ልቆርብ እኔም ጾሜ ነበር። ከመነሣታችን በፊት፣ «ቤተ ክርስቲያን እስክንደርስ ቃል ከአፌ አይወጣም» አሉኝ። «ሰላምታው ያንቺ ነው። ሽማግሌ ዝም ብለሽ እንዳታልፊ።»

ዳገቱን በእግር እየገፋን፣ ሜዳውን እየጋለብን ወጣን። ገብሱ ወርቅማ ሆኗል። ጎማችን የመንገዱን ዳር ጦስኝ ሲረግጥ ሽታው እስከ አፍንጫችን ይመጣል። ከጋራው ጫፍ ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች እንደ ዘበኛ ተደርድረው ቆመዋል። ወደ ምዕራብ ዞር ስል ጣና እንደ ሰሐን ብልጭ አለ። ቤተ ክርስቲያን በታየ ቁጥር እንወርዳለን፣ እንሳለማለን፣ እንደገና እንወጣለን። በዚያ አገር ደግሞ ጉብታ ሁሉ ደብር ነው።

ወደ ክምር ድንጋይ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች አገኙን። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«እንደምን አደሩ አባባ» አልሁ ከኋላ።

«እግዚሃር ይመስገን። መምሬ ምነው ዘጉኝ?»

«ቀዳሽ ናቸው አባባ። ዝንብ ፈርተው ነው።»

«እሰይ፣ ደግ አደረጉ። ይቺ በቅሏችሁስ ምን ትበላለች?»

«ነፋስ ትበላለች።»

«ርካሽ ነቻ» አሉ። ከጎናቸው ያለችው እህል የተሸከመች ሴት ደግሞ፣ «አፍ የላትም፣ አትሳደብም፤ ከባሌ ትሻላለች» አለች። የአባቴ ትከሻ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ በሆዴ ተሰማኝ። ድምፅ ግን አላወጡም።

የመጨረሻው ቁልቁለት ላይ ያ የተቃጠለ ጎማ ሽታ መጣ። አባቴ ፍሬኑን ጨብጠዋል፤ ጎማው ይጮኻል፤ ብስክሌቷ ግን አትሰማም። ከዚያ የፍሬኑ ሽቦ ብጥስ ሲል ሰማሁ። ከፊታችን መንገዱ በገደል አፍ ይታጠፋል። አባቴ መሪውን ወደ ገብስ ማሳ መለሱት፤ ማሳውን ጥሰን ገብተን ወደቅን።

ቀና ስል አባቴ ላዬ ላይ ጎንበስ ብለዋል። የእኔ ጉልበት ከድንጋይ ካቡ ጋር ተላትሞ ደሙ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ወርዷል። እኔ ግን አስቀድሜ የእሳቸውን እጅ ግልብጥ አድርጌ አየሁ፤ ክርናቸውን አየሁ፤ ግንባራቸውን አየሁ። ደም የፈሰሰው ካህን አይቀድስም። ጭረት እንኳ አልነበረባቸውም። «ደህና ነዎት አባቴ» አልኋቸው። በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ያን ነጠላ ከአፋቸው ላይ ፈትተው ጉልበቴን አሰሩልኝ።

ከንፈራቸውን ገጠሙ። ብስክሌቷን እዚያው ገብሱ ውስጥ ትተው፣ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው አዘሉኝ።

ደሙ ዝንቡን ጠራው። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ከጉልበቴ ተነሥቶ ወደ ፊታቸው ይዞራል። ከመንገዱ ዳር አንድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቀነጠብሁና ጀርባቸው ላይ ሆኜ ከአፋቸው ፊት ወዲህ ወዲያ አደርግ ጀመር። ክንዴ ዛለ። እጅ ለወጥሁ። እሳቸው በአፍንጫቸው ብቻ እየተነፈሱ፣ አንገታቸው በላብ ርሶ፣ እየተንገዳገዱ ወረዱ። አንዴ ቆመው ጉልበታቸውን ያዙ። «ልውረድ?» ስላቸው ይበልጥ አጥብቀው ያዙኝ።

ከደጀ ሰላሙ ሽማግሌዎቹ ቆመው ይጠብቃሉ። ዋናው ሽማግሌ አባቴን ካዩ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዛሬስ ዝንቧ?»

«አልገባችም አባባ። አፋቸው ፊት ነበርሁ።»

«እንግዲህ መምሬ ምስክራቸውን አዝለው ከመጡ ምን እንላለን» አሉና ጎንበስ ብለው መስቀል ተሳለሙ።

እኔ አልገባሁም። ደም የፈሰሰው አይቆርብም፤ ከቅጥሩ ውጭ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጥሁ። እኩዮቼ ነጭ ለብሰው በፊቴ ገቡ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አለቀስሁ። ብዙም ሳይቆይ ከመቅደሱ የአባቴ ድምፅ መጣ። ከቤት ከተነሣን ወዲህ ከአፋቸው ሲወጣ የሰማሁት የመጀመሪያው ቃል ነው፤ «ሰላም ለኵልክሙ» አሉ፣ በዜማ። ሕዝቡ ሲመልስ እኔም ከውጭ ሆኜ መለስሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ሌላ ካህን ስለ መለመን ያነሣ ሰው የለም።

ቅዳሴው አለቀ። ሽማግሌዎቹ ዳቦ ዘርግተው «መምሬ፣ ይቅመሱ እንጂ» ሲሉ ሰማሁ። እሳቸው ግን ዳቦውን እንደያዙ ከበሩ ወጡና፣ እያነከሱ እወይራው ሥር መጥተው፣ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ። ነጠላውን ቀስ ብለው ገለጥ አደረጉት።

«አመመሽ?»

ከገብሱ ውስጥ ጀምሮ በአፋቸው ይዘውት የመጡት ጥያቄ ነበር።

«አላመመኝም» አልሁ።

ዳቦውን ባርከው ቆረሱና፣ እሳቸው ሳይቀምሱ፣ የመጀመሪያውን አጎረሱኝ። ከዚያ ወዲህ ከእጃቸው ብዙ ጊዜ ቆርቤአለሁ፤ ለዚህም አምላክን አመሰግናለሁ። እዚህ ድሬዳዋ ሰው ደግ ነው፤ ስታመም ይጠይቀኛል። ማንም ግን ጥያቄውን እንደዚያ ይዞ ቆይቶ አልጠየቀኝም።