ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ያለፍንበት የያቤሎ መንገድ

አርብ ንጋት፣ ነገሌ

ገና ሳይነጋ በቆሎ በጫነ አሮጌ መኪና ላይ ወጣን። ከጆንያው አናት የተቀመጥነው የነገሌ ቡድን ተጫዋቾች ነን። ዘመኑ የሰባዎቹ መጨረሻ፣ ወሩ ሰኔ ነው። እኔ በከተማው ትምህርት ቤት መምህር ነኝ፤ በሜዳ ላይ ደግሞ የቀኝ ተመላላሽ።

ያቤሎ ላይ ከሐገረ ማርያም ጋር የመጨረሻውን የማለፊያ ጨዋታ እናደርጋለን። ያሸነፈ ወደ ክፍለ ሀገሩ አንደኛ ዲቪዚዮን ያድጋል፣ የተሸነፈ እዚያው ይቀራል። ለእኛ ግን ሌላም ነገር አለበት። የቀበሌው ሊቀመንበር ሊሸኘን መጥቶ እንዲህ አለ፦

«ካለፋችሁ የክፍለ ሀገር ተጫዋች ናችሁ። ለብሔራዊ ውትድርና ማንም አይነካችሁም።»

ሁለት አጥቂዎቻችን በበልጉ አፈሳ ተወስደዋል። ስለዚህ ቃሉን ሁላችንም አጥብቀን ያዝነው።

ከሰዓት፣ ዳዋ ወንዝ

አቧራው ቅንድባችንን አቅልቶታል። ወንዙ ጎድሏል፤ መኪናው ግን አሸዋው ውስጥ ሰመጠ። ሾፌራችን ጋሽ ወርቁ «ውረዱና ግፉ! ስትጫወቱ ብቻ ነው ጉልበት ያላችሁ?» እያሉ ይጮሃሉ።

ግመል የሚያጠጡ አንድ ሽማግሌ ቀረብ አሉ። በረኛችን ሁሴን «አካም፣ ናጋ?» ብሎ ሰላምታ ሰጣቸውና በኦሮምኛ ያወሩ ጀመር። ሁሴን ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡት የጋሽ አብዲ ልጅ ነው፤ እኔው ያስተማርኩት። ሽማግሌው የግመል ወተት ሰጡን፤ እየጠጣን ሳለን አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«በዚህ ጊዜ ጎረምሳ ሁሉ አንድ መኪና ላይ ተሰብስቦ አይሄድም አሉ።»

ሌሎቹ ሳቁ። ሁሴን አልሳቀም። ከፋሲካ ወዲህ የሚያድረው በአባቱ ሱቅ ጓዳ፣ ከጣቃ ጨርቅ ኋላ ተደብቆ ነው።

እሁድ፣ ያቤሎ

ትናንት አመሻሽ ላይ በአሬሮ በኩል ደረስን። የፍየል ሥጋ በሩዝ በላን፤ ሥጋው ጠንካራ፣ ሩዙ አሸዋ ያለበት ነበር።

ሜዳው ጠጠር ነው፤ በአንዱ ጥግ እሾህ በቅሎበታል። ለእንግዶች ሸራ ተወጥሯል፤ ከሥሩ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ተቀምጠዋል። ሐገረ ማርያሞች ፈጣኖች ናቸው። ቀድመው አገቡብን፤ እኛም ከኮርና በጭንቅላት አቻ አደረግን። ከዚያ በኋላ ኳስ አልነበረም፤ መገፋፋትና መውደቅ ብቻ። ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ሪጎሬ ሄድን።

የመጨረሻዋን ምት የመታው ረጅሙ አምበላቸው ነበር። ሁሴን ወደ ግራው ተወርውሮ ያዛት። ክንዱ ጠጠሩ ላይ ተልጦ እየደማ ተነሳ። ስናቅፈው ጆሮዬ ስር እንዲህ አለኝ፦

«መምህር፣ አሁን እቤት መተኛት እችላለሁ፣ አይደል?»

«ትችላለህ» አልኩት።

የሐገረ ማርያሙ አምበል መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። ለጨዋታው ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ለእነሱም ቃል ተገብቶላቸው ኖሯል።

ሰኞ ረፋድ፣ የመንገድ ኬላ

እየዘፈንን ነበር። ከአሬሮ አልፈን ወታደሮች አስቆሙን። መቶ አለቃው ትናንት ከሸራው ሥር የነበረ ሰው ነው፤ ስናየው እፎይ አልን።

«እንኳን ደስ አላችሁ!» አለ ከልቡ። «በረኛው የታል?»

ሁሴን ፈገግ ብሎ ዘሎ ወረደ። መቶ አለቃው ጨበጠው፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ ከዚያም ወደ ወታደሮቹ ዞሮ «ይሄን ያዙ። ሌሎቹንም አውርዱ» አለ።

ወርጄ ፊቱ ቆምኩ። «ጓድ መቶ አለቃ፣ መምህራቸው ነኝ፤ ካለፉ አይነኩም ተብለናል። ሊቀመንበሩ ራሱ…»

«ኮታ የሚጠይቀኝ የእናንተ ሊቀመንበር አይደለም። አንተ መምህር ነህ፣ ሂድ አስተምር።»

ጋሽ ወርቁ ከመሪው ሳይወርዱ «የሰው ልጅ ናቸው፣ ወንድሜ» አሉ።

ለኮታቸው አምስት ልጆች መርጠው ወሰዱ። ሁሴን ማልያውን አውልቆ ሰጠኝ። «የቡድኑ ነው» አለ። ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ፣ ክንዱ በጨርቅ እንደታሰረ፣ ወደ ወታደሮቹ መኪና ሄደ። ዞር ብሎ አላየንም።

ማክሰኞ፣ ነገሌ

ወሬው በፖሊስ ራዲዮ ቀድሞን ደርሷል፤ ማለፋችንና ሁሴን ኳሷን መያዙ ብቻ። ከተማው ወጥቶ በጭፈራ ተቀበለን። ሊቀመንበሩም አለ፤ ከመኪናው ላይ ያለነውን አየት አደረገና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ጭፈራው ከፊት እየበረደ መጣ፤ ከኋላ ያሉት ግን አላወቁምና ማጨብጨባቸውን ቀጠሉ።

ጋሽ አብዲ ሰውን እየገፉ መጡ። ኮፍያቸውን አስተካክለው አንጋጠው አዩኝ።

«ኳሷን ያዛት አሉ።»

«ያዛት፣ ጋሼ።»

«እሱንስ? እሱን ማን ያዘው?»

ማልያውን አቀበልኳቸው። ሌላ የምሰጣቸው አልነበረኝም።

መስከረም ላይ ውድድሩ ሲጀመር አሥራ አንድ ሰው አልሞላልንም። ቦታችሁ ለሐገረ ማርያም ተሰጥቷል አሉን። ቆይቶ ስንሰማ እነሱም አልሄዱም፤ እነሱንም ከያቤሎ ሲመለሱ አስቁመዋቸው ኖሯል።