የሆኪ አሰልጣኙን ቤት ግዛ ያልኩት እኔ ነኝ

ይህ ሥራ ያስከፈለኝን አስቀድሜ ልናገር፤ የቀኝ ጆሮዬን ግማሽ መስማት፣ የአንድ ጣቴን ጫፍ፣ ዳን የሚባል አንድ ወዳጅ። ጆሮዬንና ጣቴን የበላው የብረት መሳያው ማሽን ነው። ዳንን ያጣሁት በገዛ አፌ ነው።

መርካቶ ሰልባጅ ጫማ፣ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ክላርክስተን ከተማ ያገለገለ የስፖርት ዕቃ ነግጃለሁ። ከዚያ ከአትላንታ በስተሰሜን ያለ የበረዶ ሆኪ ቡድን በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን የስኬት ጫማ ብረት እንድስልና የተጫዋቾቹን ጓዝ እንድይዝ ቀጠረኝ። ጓደኞቼ «ሰው በዱላ ሲደባደብ ቆመህ ታያለህ አሉ!» እያሉ አላገጡብኝ። እኔ እንኳ ተከፍሎኝ ነው፤ ትኬት ገዝቶ የሚያይም አለ።

የመጀመሪያው ቀን አሰልጣኙ ዳን ከሳልኳቸው ጫማዎች አንዱን አነሳ። የስኬት ብረት እንደ ቢላ አይደለም፤ መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ግራና ቀኝ ሁለት ስለት አለው። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ተጫዋቹ ሲታጠፍ ይዘረራል። ዳን እኩል መሆናቸውን ለማየት ሳንቲም አጋደመባቸው።

«በረዶ አይተህ ታውቃለህ?»

«ፍሪዘር ውስጥ።»

«የግራው ከፍ ብሏል። ድገመው።»

አራት ጊዜ አስደገመኝ። በአምስተኛው ዝም አለ። ዝምታው ምስጋና መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ዳን ካናዳዊ ነው። በወጣትነቱ ጉልበቱ ተሰብሮ መጫወት ሲያቆም አሰልጣኝ ሆነ። ስምንት ከተማ ዞሯል፤ ኮንትራቱ ሁልጊዜ የአንድ ዓመት ነው። ካናዳ ያሉ ሚስቱንና ልጁን የሚያያቸው ውድድር በማይኖርበት በበጋ ብቻ ነበር። የተከራየው አፓርታማ ግድግዳ ላይ አንድ ሚስማር የለም። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «ስለቅ ቀዳዳውን ያስከፍሉኛል» አለኝ።

ሁለት ዓመት በደንብ አሸነፍን። እኔ ደግሞ ሐበሻ ነኝ፤ ሰው ሲከራይ ዝም ብሎ ማየት አይሆንልኝም።

«ኮች፣ የኪራይ ገንዘብ ውኃ የበላው ገንዘብ ነው። ቤት ግዛ፣ ቤተሰብህን አምጣ።»

«አሰልጣኝ ቤት አይገዛም።»

«ታክሲ የሚነዳው ወንድሜ ገዝቶ የለም እንዴ!»

«ወንድምህ አሥር ጨዋታ ሲሸነፍ ይባረራል?»

ሳቅኩ እንጂ አልሰማሁትም። ዓመት ሙሉ ጨቀጨቅኩት። ቤት የምታሻሽጥ የአገሬ ልጅ አገናኘሁት፤ ኬኔሶ ከተማ ላይ ቤት ገዛ። ሚስቱና ልጁ መጡ።

በሦስተኛው ዓመት በረኛችን ተጎዳና ሽንፈቱ ተከታተለ። አንድ ጠዋት ማኔጀሩ ደወለልኝ። በኛ ቡድን የተባረረ ሰው ዕቃ የሚሸክፈው የጫማ ብረት የሚስለው ሰው ነው፤ ስለዚህ ወሬውን ከባለጉዳዩ ቀድሞ ይሰማል።

«የዳንን ዕቃ ሸክፍ። ስሙን ከበሩ ላይ ፍታ። ቀትር ላይ ራሴ እነግረዋለሁ። አንድ ቃል ብትተነፍስ ተከትለኸው ትወጣለህ።»

የስሙን ሰሌዳ እየፈታሁ ሳለ ዳን ደወለ። እኔ የላክሁለት ሐበሻ አናጺ ወጥ ቤቱን ሊያድስ መጥቷል።

«አሮጌውን ልንቀለው ወይ ይላል። አንዴ ከነቀለው መመለሻ የለውም። ምን ልበለው?»

ብሎኑ እጄ ላይ ነበር።

«ይንቀለው» አልኩት።

ዳን ቀትር ላይ መጣ። በሩን አየ፣ ሻንጣውን አየ። ማኔጀሩ ጋ ሳይገባ ወደ እኔ መጣ።

«ስደውልልህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ኮች።»

«ሚስቴ አጠገቤ ቆማ ትሰማ ነበር» አለ።

ቤቱ ያለ ወጥ ቤት በኪሳራ ተሸጠ። ሚስቱ ልጇን ይዛ ወደ ካናዳ ተመለሰች፤ እሱን አላስከተለችውም። ዘንድሮ የሚያሠለጥነው ቡድን የለም። ስደውልለት አያነሳም።

ወደ ሥራው ለምትገቡ፦ የአንድ ዓመት ኮንትራት ላለው ሰው የሠላሳ ዓመት የቤት ዕዳ አትምከሩ።

ከዳን ወዲህ የሁለት አሰልጣኞች ዕቃ ሸክፌያለሁ። እኔ ሥራዬ ላይ ነኝ።