የኦድሪ የተራቆተ ካርድ

ኦድሪን ሰው ሁሉ ይወዳታል። እኔም እወዳታለሁ፤ ስትታመም ሾርባ ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ። አበባ መለጠፍ ስትጀምር ግን እርር ድብን አልኩ።

ካናዳ ውስጥ፣ በእኛ የኖቫ ስኮሺያ መንደር በረዶው ሲከብድ ሴቶች ሐሙስ ሐሙስ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተሰብስበን ፖስትካርድ እንሠራለን። እያንዳንዳችን በዓመት አሥራ ሁለት እንሠራና ለወዳጆቻችን እንልካለን። ፖስታ ውስጥ አይከተትም፤ መንገድ ላይ ያየው ሁሉ ደስ ይበለው ነው ነገሩ።

ኦድሪ ሠላሳ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ዓሣ ስትበልት የኖረች ሴት ናት። ባሏ ሞቶ ቤቱ ጭር ሲልባት፣ "ማርጆሪ፣ እባክሽ እጄን የማፍታታበት ነገር አስተምሪኝ" አለችኝ። ሲያቀብጠኝ አስተማርኳት። አበባውን በድሮ የስልክ ማውጫ መሀል አድርቆ፣ ከአትክልት ዘር መሸጫ ካታሎግ ከተቆረጠ የግንድ ሥዕል ጋር ማጣበቅ ነው። ያ ዓሣ የለመደ እጅ በዓመቱ ጉድ አሰኘ። ሴቶቹ የእሷን ካርድ ከበው "ውይ! ውይ!" ይላሉ። የእኔን ሲያዩ "ጥሩ ነው፣ ማርጆሪ።" ጥሩ ነው የሚባለው ለድንች ነው።

ይህንንም እችለው ነበር፣ የፐርል ነገር ባይኖር። ፐርል የአርባ ዓመት ጓደኛዬ ናት። ስትሮክ መትቷት ቀኝ እጇ ከሰነፈ ወዲህ ከተማ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ ናት፤ መቀስ ከያዘች ሁለት ዓመቷ። ከራስጌዋ አንድ ካርድ ብቻ የሚቆምበት ቦታ አለ። ያ ቦታ የእኔ ነበር። ለገና ልጠይቃት ስሄድ የኦድሪ ካርድ ቆሞበታል።

"የእኔስ?"

"መሳቢያ ውስጥ ነው። አታኩርፊ እንጂ፣ አንቺ ደግሞ!"

ያሳደግኩት ውሻ ነከሰኝ ማለት ይህ ነው።

መጋቢት ላይ ኦድሪ ጉልበቷን አሟት፣ አዲሶቹን አሥራ ሁለት ካርዶች ፖስታ ቤት እንዳደርስላት ሰጠችኝ። ደረቅ አበባ የተለጠፈበት ካርድ ማህተም መምቻው ማሽን ውስጥ ከገባ ይላጣል። ስለዚህ መስኮቱ ጋ ላለችው ሴትዮ ሰጥቶ ማህተሙን በእጅ ማስመታት ነው። ኦድሪ ይህን አታውቅም፤ ሁልጊዜ የማደርስላት እኔ ነኝ። አሥራ አንዱን ከራሴ ካርዶች ጋር በእጅ አስመታሁላት። የፐርልን ግን በር ላይ ካለው፣ ወደ ማሽኑ ከሚሄደው ሣጥን ጨመርኩት። አዎ፣ አውቄ ነው።

በሳምንቱ ፐርል ደወለች።

"ማርጆሪ! የኦድሪ ካርድ ራቁቱን መጣ! ግንድና ሙጫ ብቻ!"

"ውይ፣ ሲያሳዝን" አልኩ። ሆዴ ግን እልል ይል ነበር።

"ምኑ ያሳዝናል! እርሳስ አምጡልኝ አልኩና በግራ እጄ አበባውን ሣልኩበት። ጎመን ነው የሚመስለው። ግን እኔ ነኝ የሠራሁት፣ እኔ!" ድምጿ ተቆራረጠ፤ ታለቅስ ነበር።

"የእኔስ ደረሰሽ?"

"ደርሷል፣ ምንም አልሆነም። መሳቢያ ውስጥ ነው። ስሚ፣ አደራ፣ ለኦድሪ ንገሪያት። ከእንግዲህ አበባውን ትተወውና ግንዱን ብቻ ትላክልኝ።"

አደራ ነውና ሄጄ ነገርኳት። ኦድሪ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

"ያደረስሽልኝ አንቺ ነሽ፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እህቴ!"

እውነቱ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ቅናቱ ግን አልዋጥልኝ አለ። አሁን በየወሩ አንዷ ግንዱን ትልካለች፣ ሌላዋ አበባውን ትሥላለች፣ እኔ ፖስታ ቤት እመላለሳለሁ።