ሬቫ የዋጠችው መ

ልጅ እያለሁ ጠላቴ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ነበር፤ ቪ። ከአዲስ አበባ ሲያትል በመጣን ዓመት «ቫን» በይ ስባል «ባን» እያልኩ መከራዬን አየሁ። ቢከን ሂል ሰፈር ያለው ትምህርት ቤታችን፣ ሌሎቹ ለጨዋታ ሲወጡ፣ እኔን የሙጫና የእርጥብ ጃኬት ሽታ የታፈነባት መስኮት አልባ ክፍል ይከተኝ ነበር። እናቴ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ትላለች፤ የእኔን በመስታወት ሊያሹት ሞከሩ። ከንፈሬን በመስታወት እያየሁ «ባን፣ ባን» እላለሁ። ቪ ካልተስተካከለች መውጣት የለም። የኳስ ድምፅ ከውጭ ሲሰማኝ እንባዬ ይመጣል።

እስሩን የምትጋራኝ ሬቫ ነበረች። ከፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ ቡገንቪል ከምትባል ደሴት ነው ከነቤተሰቧ የመጣችው። ሮቶካስ የሚባለው ቋንቋቸው የሚጻፈው በአሥራ ሁለት ፊደል ብቻ ነው ስትለኝ ቀናሁባት፤ እኔ ከሁለት መቶ በላዩን በኩርኩም ነው የለየሁት። የእሷ ጣጣ መ ነበር። «ማዘር» ስትባል «ባዘር» ትላለች። በእናቷ መንደር መ አለ፤ በአባቷ አገር አነጋገር ግን በቦታው የሚባለው በ ነው። የአባቷ ሰዎች መ የሚሉት በፈረንጅ አነጋገር ሲቀልዱ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ መ ባለች ቁጥር አባቷ «ፈረንጇ መጣች!» እያለ በሳቅ ይፈርሳል።

አንድ ቀን የምታርመን አስተማሪ ወጣ ስትል ሬቫ ጆሮዬ ላይ «ማማ» አለችኝ፤ ጥርት ያለ መ። ክው አልኩ። «ለማንም እንዳትናገሪ። ከለመድኩት ቤትም ያመልጠኛል፤ አባዬ ይስቅብኛል» አለች። ቪን ያስተማረችኝም እሷው ናት። በእነሱ ቋንቋ በ እና ቪ አንድ ናቸውና፣ «ከንፈርሽን ሳትገጥሚ፣ ትኩስ ሾርባ እንደምታበርጂ እፍ በይ» አለችኝ። ሳምንት ሳይሞላኝ «ቫን» አልኩና ተለቀቅሁ።

ሮጬ ወጣሁ። ሬቫ መስታወቷን ይዛ ቀረች። ለአስተማሪዋ «መ ማለት ትችላለች፤ ብቻ አባቷን አትሳቅባት በሉት» ማለት እችል ነበር። ምስጢር መጠበቄ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ እውነቱ ግን ጨዋታው በልጦብኝ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ሌላ ከተማ እስኪሄዱ ድረስ ከዚያች ክፍል አልወጣችም። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

አሁን የምኖረው እዚያው ሲያትል አጠገብ፣ ሬንተን ነው። ቪን ያለ ችግር እላለሁ፤ ልጄ ደግሞ ጠ አይሆንለትም። ባለፈው እሁድ እናቴን «ቴና ይስትልኝ» ሲላት በሳቅ ተንፈራፈረች። «ወይኔ ልጄን! ቆይ አክስትህን ኮል ላድርጋትና ድገምላት!»

«ኖ፣ ግራንማ» አለና ክፍሉ ገብቶ ዘጋ።

«እማዬ፣ ስትስቂበት አማርኛውን ይተወዋል» አልኳት።

«ኧረ ወድጄው ነው!» አለች ደንግጣ።

የሬቫም አባት ወዷት ይሆናል የሚስቀው። እሱንም እንዲህ የሚለው ሰው ያስፈልገው ነበር፤ ምስጢሩን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ።